በሽታውን የደበቀ ግድግዳ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም ስለ ቤት ቢነገርም ያስኬዳል። ሰው ሕመሙን ሲደብቅ ፊቱን ታጥቦ፤ ጠጕሩን አበጥሮ ከጓደኞቹ መካከል እንደሚቀመጥ፤ ቤትም ሕመሙን ሲደብቅ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፤ ወለሉ ተወልውሎ፤ መጋረጃው ታጥቦ ተከራዩን ይጠብቃል። ተከራዩም ገብቶ ዙሪያውን ይቃኝና «ጥሩ ነው» ይላል፤ ይዋዋላል፤ ይከፍላል። ጥቂት ወራት አልፈው ክረምቱ ሲገባ ግን ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ መጥቆር ይጀምራል፤ ከቁም ሣጥን የወጣው ልብስ ይሸታል፤ በቤቱ ሕፃን ልጅ ያለ እንደ ሆነም ሳሉ ሌሊት ሌሊት ይበረታል።

ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ተደበቀው ሻጋታ ነው። ነገሩ ለጊዜው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ለትምህርት ከወላጆቹ ርቆ አንድ ክፍል የሚከራይ ተማሪ፤ ወይም በመጀመሪያ ደመወዙ ጎጆ ለመውጣት የሚያስብ ወጣት ሠራተኛ፤ ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚያፈሰው በቤት ኪራይ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰውም የዚያኑ ቤት አየር ነው። እንግዲህ ገንዘቡንም ሳንባውንም በአደራ የሚሰጥበትን ቤት መመርመር ማወቅ ይገባዋል። ለዚህም የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን አፍንጫ፤ ዓይን፤ እጅና ጥቂት ትዕግሥት ነው።

ሻጋታ ምንድር ነው?

ሻጋታን የማያውቅ ቤት የለም። ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ የከረመ እንጀራ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጠጕር ሲያበቅል ያላየ ማን ነው? በግድግዳ ላይ የሚበቅለውም የዚያው ዘመድ ነው። ሊቃውንት ፈንገስ ብለው ከሚጠሩት፤ እንጉዳይና እርሾም ከሚቈጠሩበት ወገን ነው። ዘሩ በዓይን የማይታይ ደቂቅ ብናኝ ሲሆን በደጅም በቤት ውስጥም በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሁልጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ከሻጋታ ዘር ፈጽሞ የነጻ ቤት አይገኝም፤ ቢፈለግም ድካሙ ከንቱ ነው። የሻጋታ ወገን ሁሉ ጠላታችን ነው ለማለትም አይቻልም። እስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ ነበር።

የሻጋታ ዘር በደረቅ ስፍራ ላይ ቢያርፍ ምንም አያደርግም። ለመብቀል ምግብና ውሃ ያሻዋል። ምግቡ በየቤታችን ሞልቶ ተርፏል፤ የጭቃው ቤት ቋሚና ማገር፤ ከምርጉ ጋር የተቦካው ጭድ፤ ለኮርኒስ የተወጠረው አቡጀዲ፤ መጽሐፉ፤ የቆዳው ጫማ ሁሉ ይበላለታል። የብሎኬት ቤት ያለውም ሰው ከዚህ ነጻ ነኝ ብሎ እንዳይኰራ፤ ሲሚንቶው ራሱ ምግብ ባይሆን እንኳ በላዩ ያረፈው አቧራና የተቀባው ቀለም ምግብ ይሆናሉ። እንግዲህ የሚጎድለው ውሃ ብቻ ነው። የራሰ ነገር በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ብዙውን ጊዜ ሻጋታ አይበቅልበትም፤ ርሶ ከሰነበተ ግን ዘሩ ሥር ይሰዳል።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ፤ ይኸውም ሻጋታ የውሃ ምስክር መሆኑ ነው። ጥቁሩ ነጥብ በግድግዳው ላይ የወጣው «በዚህ በኩል ውሃ አለ» ብሎ ለመመስከር ነው። በላዩ ቀለም የሚቀባ ሰው የምስክሩን አፍ ያዘ እንጂ ነገሩን አልፈረደም። ስለዚህ ቤት መመርመር ማለት ነጥብ መቍጠር ሳይሆን ውሃው ከየት እንደ መጣ ተከታትሎ መድረስ ነው።

ጉዳቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ስለ ቤት ርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መምሪያ፤ በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በመተንፈሻ አካል ሕመም፤ በአስምና በአለርጂ ይበልጥ እንደሚጠቁ ገልጿል። ይኸው መምሪያ «ይህን ያህሉ ሻጋታ አይጎዳም፤ ከዚህ ያለፈው ይጎዳል» የሚል የቍጥር ወሰን አላበጀም። ያዘዘው ርጥበቱን ከመነሻው መከላከልን፤ ሻጋታ ከታየም ማስወገድን ነው። ይልቁንም የሚጎዱት ሕፃናት፤ አረጋውያን፤ አስም ያለባቸውና ሰውነታቸው በሌላ በሽታ የደከመ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ ሞት ድረስ የደረሰበትን ጊዜ እንግሊዝ አገር አትረሳውም። ከሱዳን የመጡ ባልና ሚስት በሰሜን እንግሊዝ በሮችዴል ከተማ በአንድ የኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። አባትየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በቤቱ ሻጋታ መውጣቱን ለአከራዩ ድርጅት ቢያመለክት የተሰጠው መልስ ቀለም እንዲቀባበት ነበር። ቀባበት፤ ሻጋታው ግን ተመልሶ መጣ። ልጃቸው አዋብ ኢስሐቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 2020 ዓ.ም. ሁለት ዓመት በሞላው በዚያው ወር ሞተ። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን በ2022 ዓ.ም. በሰጠችው ውሳኔ፤ ልጁን የገደለው ለብዙ ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ የደረሰበት የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን አረጋገጠች። በ2023 ዓ.ም.ም በዚሁ ልጅ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ። ሕጉ ለችግረኞች ቤት የሚያከራዩ ድርጅቶች ርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በተወሰነ ቀን ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ ያስገድዳል። አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀለሙ የሠራውን ሥራ ልብ በል።

ይህን ስንጽፍ ግን ሰውን በከንቱ ለማስፈራራት አይደለም። በአሜሪካን አገር በክሊቭላንድ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ሳንባቸው የደማ ሕፃናት ተገኝተው ነበር። በመጀመሪያ የተደረገው ምርመራ ምክንያቱን በቤታቸው ከተገኘው አንድ ዓይነት ጥቁር ሻጋታ ጋር ስላያያዘው «ጥቁር ሻጋታ ገዳይ ነው» የሚል ወሬ በየአገሩ ተዛመተ። በ2000 ዓ.ም. ግን የዚያው አገር የበሽታ መቈጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ጥናቱን እንደገና መርምሮ ግንኙነቱ አለመረጋገጡን አስታወቀ። ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነው፤ የሻጋታው መልክ ጥቁር ይሁን አረንጓዴ ወይም ነጭ ብዙ አያከራክርም፤ በየትኛውም መልክ ቢመጣ ምንጩን ፈልጎ ማድረቅና ማጽዳት ይገባል። በዓይን የታየውንም ሻጋታ ስሙን ለማወቅ ብሎ ለምርመራ ገንዘብ ማውጣት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም።

የጥንቱ ምርመራ

ቤትን ስለዚህ ነገር መመርመር የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያንን በምዕራፍ 14 ያነበበ ሰው በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ የተጻፈውን ሥርዐት ያስታውሳል። ያ ደዌ ዛሬ ሻጋታ የምንለው ይሁን ወይም ሌላ ነገር ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ የምርመራው ሥርዐት ግን የሚያስደንቅ ነው። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ይናገራል እንጂ አይደብቅም። ካህኑ ከመግባቱ በፊት በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ይወጣል። ካህኑም ገብቶ አረንጓዴ ወይም ቀይ መሳይ፤ ከግድግዳው ጠልቆ የገባ ምልክት መኖሩን ያያል፤ ካየም ቤቱን ሰባት ቀን ያዘጋዋል፤ ከዚያም ተመልሶ ይመለከታል። ምልክቱ ሰፍቶ ከተገኘ ያለበት ድንጋይ ይወጣል፤ ልስኑም ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይተካል። ይህም ተደርጎ ተመልሶ የመጣ እንደ ሆነ ቤቱ ይፈርሳል።

ልብ ብለን ብናየው የዛሬው ባለሙያ ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም፤ አለመደበቅ፤ ዕቃን አውጥቶ ማየት፤ ጊዜ ሰጥቶ ተመልሶ ማየት፤ የተበላሸውን ነቅሎ ማውጣት። በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ነገር ቢኖር በላዩ ቀለም መቀባት ነው።

ቤቱን ስንመረምር

ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜውን መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፤ ሌሊቷ የሚበርድ፤ ከዓመቱ ዝናቧም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድባት ከተማ ናት። ስለዚህ የቤት ጠባይ የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ቤት የሚፈልገው ትምህርት ሲከፈት፤ በመስከረም ነው። መስከረም ደግሞ ለዐዲስ ዓመትና ለመስቀል ቤት ሁሉ የሚታደስበት ወር ነው። እንዲህም ስለ ሆነ ክረምቱን ሲጠጣ የከረመው ግድግዳ ሳይደርቅ ቀለም ይለብስና ተከራዩን ያታልለዋል። ያ ቀለም ብዙ ሳይቈይ ውሃ እንደ ቋጠረ ቍስል ያብጣል፤ ይላጣልም። አዲስ ቀለም ሁሉ ተንኰል ነው አንልም፤ ነገር ግን አዲስ ቀለም ያየ ሰው ዓይኑን ከፍቶ እንዲያይ እንመክራለን። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ፤ ወይም የታችኛው ወገን ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከተገኘ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ይሉኝታን ማሸነፍ ነው። ወጣቶቻችን የሰው ቁም ሣጥን ገፍቶ ከጀርባው ማየት፤ ኮርኒስ መመልከት፤ ጓዳ መግባት ብልግና ይመስላቸዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ጥሩ አስተዳደግ ነው። ሆኖም በትሕትና የተጠየቀ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። «እማማ፤ ይህ ቀለም መቼ ተቀባ? ባለፈው ክረምት ይህ ማእዘን አላስቸገርዎትም? ይህን ሣጥን ትንሽ ገፋ አድርጌ ብመለከት ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቅን አከራይ ያለውን ይናገራል፤ የሚቈጣ ካለም ቍጣው ራሱ መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርመራው በአፍንጫ ይጀመራል። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ያደረ ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ሳያሳልፉ ማሽተት ነው፤ አፍንጫ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሽታውን ይለምደዋልና። የረጠበ አፈር፤ ያደረ ጨርቅ ወይም የከረመ መጽሐፍ የሚመስል ሽታ ካለ፤ በዓይን ምንም ባይታይ እንኳ የተደበቀ ነገር መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ቤቱ ዕጣን የተሞላ እንደ ሆነም ሌላ ቀን ተመልሶ መምጣት አይከፋም። ቁም ሣጥኑንና ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን መዝጊያ ከፍቶ ራስን አስገብቶ ማሽተትም አይረሳ።

ቀጥሎ ዓይን ነው። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ይሻላል። ኮርኒሱ ላይ ዙሪያው ቡናማ የሆነ ክብ ምልክት አለን? ቀለሙ የተቋጠረ ወይም የተላጠ ስፍራ አለን? የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ይዞ ብርሃኑን ፊት ለፊት ሳይሆን ከግድግዳው ጎን አስጠግቶ ማብራት ጥሩ ዘዴ ነው፤ እንዲህ ሲሆን እብጠቱና ስርጕዱ ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያልና። ከአልጋ ራስጌ፤ ከቁም ሣጥን ጀርባ፤ ከመጋረጃ በስተኋላ፤ ከመስኮቱ ክፈፍ ዙሪያ፤ ከወለሉ ምንጣፍ ሥር መመልከት ይገባል። ሻጋታ ጨለማና የቆመ አየር ባለበት ስፍራ ተደብቆ ይኖራልና።

ሦስተኛው እጅ ነው። የእጅን ጀርባ በግድግዳው ላይ እያሳለፉ ከሌላው ይልቅ የሚቀዘቅዝና የሚረጥብ ስፍራ መፈለግ፤ ልስኑን በጣት እያንኳኩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን መለየት፤ የበርና የመስኮት እንጨት ግርጌውን በቍልፍ ጫፍ ተጭኖ መሞከር ነው። ጤነኛ እንጨት ይቋቋማል፤ የበሰበሰ እንጨት ይሰረጕዳል።

አራቱ ውሃዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በቤት ውስጥ ርጥበት ከተገኘ ውሃው ከአራት መንገድ በአንዱ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱን አሻራ ይተዋል።

የመጀመሪያው ከላይ የሚመጣው ነው። የቆርቆሮ ምስማር ሲላላ፤ ቆርቆሮው ሲዝግ፤ ወይም አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ኮርኒሱና ወደ ግድግዳው ራስ ይወርዳል። ምልክቱ በኮርኒሱ ላይ የሚታየው ቡናማ ክብና ከላይ ወደ ታች የተሰመረው የውሃ መንገድ ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ይባባሳል፤ በበጋ ጋብ ይላል።

ሁለተኛው ከታች የሚመጣው ነው። የላምባ መብራት ክር ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስበው፤ ድንጋዩና ጭቃው የመሬትን ርጥበት ወደ ላይ ይስቡታል። ምልክቱ ከወለሉ ጀምሮ በግድግዳው ዙሪያ እኩል የተሰመረ የርጥበት መሥመር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ቤቱን ከውጭ ዞሮ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የደጁ መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ያለ እንደ ሆነ፤ አፈር በግድግዳው ላይ ተቈልሎ ከተገኘ፤ ወይም የጣራው ውሃ ቦይ ሳይኖረው ከግድግዳው ሥር የሚያርፍ ከሆነ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። የጭቃን ግድግዳ ለማጠንከር ብለው በሲሚንቶ የሚለስኑት ወይም በዘይት ቀለም የሚሸፍኑት ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጭቃ የጠጣውን ውሃ መልሶ ለአየር መስጠት አለበት፤ መውጫው በሲሚንቶ ሲደፈንበት ውሃው በውስጡ ታስሮ ማገሩን ያበሰብሰዋል። ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፤ በጠባዩም ለሻጋታ አይመችም። አባቶቻችን ኖራ መቀባታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሦስተኛው ከቧንቧና ከፍሳሽ የሚመጣው ነው። ይህ በበጋም በክረምትም አይለይም። በጥር ፀሐይ እንኳ የማይደርቅ አንድ ስፍራ ከተገኘ ቧንቧ መጠርጠር ይገባል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በብዛት በተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች የሚኖር ሰው ይህን በተለይ ማወቅ አለበት፤ በፎቅ ቤት የአንዱ መታጠቢያ ወለል ለሌላው ጣራ ነውና፤ የላይኛው ጎረቤት ቸልታ በታችኛው ኮርኒስ ላይ ይጻፋል። ጐረቤትን ሳያነጋግሩ የራስን ኮርኒስ ብቻ ማደስም ድካም ነው። የውሃ ቆጣሪ ባለበት ቤት ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን መመልከት ይቻላል፤ ማንም ውሃ ሳይቀዳ የሚዞር ከሆነ ውሃው የሚፈስበት ስፍራ አለ።

አራተኛው ውሃ ከራሳችን የሚመጣው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያምነውም። ሆኖም ስንተነፍስ፤ ወጥ ስንሠራ፤ ልብስ ስናጥብና በክፍል ውስጥ ስናሰጣ እንፋሎት ወደ አየሩ ይገባል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት 17 ግራም ያህል እንፋሎት ሊሸከም ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙ አይሸከምም። እንግዲህ ማታ በሙቀት እንፋሎት የጠገበው አየር ሌሊት ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጋር ሲገናኝ የማይችለውን ሸክም እዚያው ይጥለዋል። ምልክቱ በማእዘን፤ በመስኮት ዙሪያና ከግድግዳ ጋር በተጣበቀ ሣጥን ጀርባ የሚወጣ የተበታተነ ጥቁር ነጥብ ነው። ይህ ጥፋት ብዙውን ጊዜ የአከራዩ ብቻ አይደለም። ሣጥኑንና አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ፤ ድስቱን መክደን፤ ልብስን በደጅ ማስጣት፤ ጧት ጧትም ፊት ለፊት ያሉትን በርና መስኮት ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ አየሩን ማሳለፍ ብዙውን ያቃልለዋል።

ውሃው ከግድግዳው ይሁን ከክፍሉ አየር ለመለየት የሚያገለግል ቀላል ሙከራ አለ። እንደ መጽሐፍ ገጽ የሰፋ የላስቲክ ቁራጭ በግድግዳው ላይ አድርጎ ዙሪያውን አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ማሸግና አንድ ወይም ሁለት ቀን መተው ነው። ከላስቲኩ በስተኋላ፤ በግድግዳው በኩል ውሃ ከተገኘ ርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ የመጣ ነው፤ በክፍሉ በኩል ባለው ፊቱ ላይ ከተገኘ ግን ከአየሩ የመጣ ነው።

ነጭ ነገር ሁሉም ሻጋታ እንዳይመስለን ደግሞ መጠንቀቅ ነው። ከግድግዳ ላይ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ውሃው ከግድግዳው አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው። በእጅ ሲፈተግ ይቈረቍራል፤ ውሃ ሲነካውም ይሟሟል፤ ሻጋታ ግን ጠጕራም ነው፤ በውሃ አይሟሟም። ጨው ቢሆንም እንኳ የውሃ ምስክር መሆኑ አይቀርም።

ከተገኘ በኋላ

ምንጩ ሳይደርቅ ማጽዳት ልፋት ነው፤ ምንጩ ደርቆ አለማጽዳትም ጉድለት ነው። ሻጋታው ከአንድ ሜትር ካሬ ያነሰ ስፍራ የያዘ እንደ ሆነ ጤነኛ ሰው ራሱ ሊያጸዳው ይችላል። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፤ ጓንት አድርጎ፤ መስኮት ከፍቶ፤ ስፍራውን አስቀድሞ በውሃ ማራስ ነው፤ በደረቁ የተፈገፈገ እንደ ሆነ ዘሩ በቤቱ ሁሉ ይበተናልና። ከዚያም በሳሙናና በውሃ ፈግፍጎ ማጠብና ፈጽሞ ማድረቅ ነው። በረኪና የሚጨምር ሰው በረኪናውን ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከቶ አይቀላቅል፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ሻጋታ የዘለቀው ፍራሽ፤ አቡጀዲና ምንጣፍ ታጥቦ ስለማይነጻ መጣል አለበት። አስም ያለበት ሰው በዚህ ሥራ ባይገባ ይሻላል። ስፍራው ከተባለው የሰፋ እንደ ሆነም ለባለሙያ መተው ነው።

ከዚህ ላይ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ርጥበቱን ለማድረቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዞ መተኛት ሞትን መጥራት ነው። የከሰል ጢስ ሽታና መልክ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስላለበት፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በሻጋታ ከሚመጣው ሳል ለመዳን ብሎ ወደዚህ አደጋ መግባት አይገባም።

ከአከራይ ጋር ስለሚኖረው ነገርም ጥቂት እንበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት በሚስማማ ሁኔታ እንዲያስረክብ፤ በኪራዩም ዘመን እንዲጠብቀው ግዴታ ያገባዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ቤቱን መዞር፤ የታየውን ጉድለት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ አከራዩ ሊጠግነው የተስማማበትንም በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ማስገባት ብልኅነት ነው። ኋላ «ነበረ»፤ «አልነበረም» እያሉ ከመካሰስ ያድናልና። ነገሩ ከገቡ በኋላ የታየ እንደ ሆነም ሳይውል ሳያድር በትሕትና፤ ግን በጽሑፍ ማስታወቅ ነው።

ለአከራዮችም የምንለው አለን። አንድ ምስማር ማጥበቅ፤ አንድ አሸንዳ መጥረግ፤ በግድግዳው ሥር አንድ ቦይ መቅደድ ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም ዋጋ አይበልጥም። ቀለሙ ግን በየዓመቱ ይገዛል፤ ቦዩ አንድ ጊዜ ከተቀደደ የሚያስፈልገው መጥረግ ብቻ ነው። ቀለም ቀብቶ ያከራየ ሰው ለጊዜው ኪራይ ያገኛል፤ ቤቱ ግን ከውስጥ ይበሰብስበታል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች መካከል ነገ ቤት የሚሠሩ መሐንዲሶች፤ የቤት ውል የሚመዘግቡ ሹማምንት፤ ሳል ይዞት የመጣውን ሕፃን የሚመረምሩ ሐኪሞች ይወጣሉ። መሐንዲሱ ለውሃው መውጫ ያዘጋጅ፤ ሹሙ የተከራዩን አቤቱታ በቀለም መልስ አይሸኝ፤ ሐኪሙም ደረትን ካዳመጠ በኋላ «ቤታችሁ ይረጥባል ወይ?» ብሎ መጠየቅን አይርሳ። ለዛሬ ግን ሥራው የሚጀምረው ከራስ ክፍል ነው። ዛሬ ማታ ከአልጋችሁ ራስጌ ያለውን ሣጥን አንድ ስንዝር ሳቡና ከጀርባው ተመልከቱ። ምንም ካልተገኘ ደስ ይላል፤ አንድ ጥቁር ነጥብ ከተገኘ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ውሃውን ፈልጉ።